ሆንግ ኮንግን ለመጎብኘት የሚያስፈልግ ዝግጅት፦ ሰነድ፣ ወቅት፣ ወጪና የአራት ቀን መርሐ ግብር

ሆንግ ኮንግ በደቡብ ቻይና የባሕር ዳርቻ፣ የፐርል ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ስሟ «መዓዛማ ወደብ» ማለት ነው። 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው ግዛቷ 7.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይኖራል። ግዛቷ የሆንግ ኮንግ ደሴትን፣ ከደሴቷ ትይዩ ያለውን የካውሉን ልሳነ ምድር፣ እስከ ዋናው የቻይና ምድር ወሰን የሚዘልቀውን «ኒው ቴሪቶሪስ» የተባለ ሰፊ አካባቢ እንዲሁም ከ260 በላይ ደሴቶችን ያጠቃልላል። ከተማዋ በሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቿ በዓለም ብትታወቅም፣ ከመሬቷ 40 በመቶ ያህሉ በሕግ የተጠበቀ ተራራ፣ ደንና የባሕር ዳርቻ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ሆንግ ኮንግ የሚደረግ ቀጥታ በረራ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ ወደ ከተማዋ ይበርራል። ስለዚህ ከዓመት ፈቃዱ ጥቂት ቀናትን ለጉብኝት ሊያውል ለሚያስብ ሠራተኛ ሆንግ ኮንግ ከአቅም በላይ የራቀች ከተማ አይደለችም። ብዙዎችን የሚያስፈራቸው የውድነቷ ዝና ነው። በእርግጥም የማረፊያ ዋጋዋ ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የምትደነቅባቸው ነገሮች፣ ማለትም በጀልባ ወደቡን መሻገር፣ በባለ ሁለት ፎቅ ትራም መጓዝ፣ በተራሮቿ ላይ በእግር መሄድ፣ ገበያዎችንና ቤተ መቅደሶችን መጎብኘት በጥቂት ገንዘብ ወይም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ጉዞን ይበልጥ የሚያበላሸው የዝግጅት ቅደም ተከተል መዛባት ነው፦ ቪዛ ሳይገኝ የተገዛ ትኬት፣ በአውሎ ነፋስ ወቅት ላይ የወደቀ የዕረፍት ጊዜ፣ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ወደ ማካው ተሻግሮ መመለሻ ማጣት።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። ሰዓቶቹ ግን በአማርኛ አቆጣጠር የቀረቡ ናቸው።

የወደቡ ታሪክ በአጭሩ

በደሴቷና በካውሉን መካከል ያለው የባሕር ወሽመጥ ቪክቶሪያ ወደብ ይባላል። ጥልቅና በተራሮች ከነፋስ የተከለለ በመሆኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያ መርከቦችን ሳበ። ከመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት በኋላ ቻይና በ1842 በናንኪንግ ውል የሆንግ ኮንግን ደሴት ለብሪታንያ ለቀቀች። በ1860 የካውሉን ልሳነ ምድር ተጨመረ፤ በ1898 ደግሞ ኒው ቴሪቶሪስ ለ99 ዓመት በኪራይ ተሰጠ። የኪራዩ ዘመን ሲያበቃ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1997፣ ግዛቲቱ በሙሉ ወደ ቻይና ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ «አንድ አገር፣ ሁለት ሥርዓት» በሚል መርሕ የቻይና ልዩ አስተዳደር ክልል ሆና ትተዳደራለች። የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ጉምሩክና የራሷ የኢሚግሬሽን ሥርዓት አላት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለጎብኚ ከታሪክነቱ ያለፈ ትርጉም ያለው በመሆኑ ከታች በዝርዝር ተመልክቷል።

ወደቡ ራሱ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረው ስፋት በእጅጉ ጠብቧል። መሬት ያጠራት ከተማ ባሕሩን በአፈርና በድንጋይ እየሞላች ዳርቻዋን ወደፊት ስትገፋ ኖራለች። በነዋሪዎች ጥረት በ1997 የወደቡን ተጨማሪ መሞላት የሚገታ ሕግ ወጣ። ዛሬ ጎብኚው የሚረግጠው የሁለቱ ዳርቻዎች መናፈሻ በአብዛኛው ቀድሞ ባሕር የነበረ ቦታ ነው።

ሰነድ፦ ከትኬት በፊት የሚቀድም ጉዳይ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ሆንግ ኮንግ ለጉብኝትም ቢሆን ከመነሳቱ በፊት ቪዛ ማውጣት ይኖርበታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ መያዝ ከዚህ ግዴታ ነጻ አያደርግም። የሌላ አገር ዜግነት ያላቸው ተጓዦች በያዙት ፓስፖርት ዓይነት ልዩ ልዩ ደንብ ስለሚመለከታቸው፣ የሆንግ ኮንግ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የአገሮች ዝርዝር መመልከት ያስፈልጋቸዋል።

የቪዛ ማመልከቻ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ ወይም በቻይና ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች በኩል ይቀርባል። ሰነዱ ተሟልቶ ከቀረበ በኋላ ውሳኔው በተለምዶ አራት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ማመልከቻውን ከጉዞው ሁለት ወር አስቀድሞ ማስገባት ብልህነት ነው። አመልካቹ የጉብኝቱን ዓላማ፣ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ወጪውን የሚሸፍንበትን ገንዘብና ወደሚሠራበት አገር የሚመለስ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ማዘጋጀት አለበት። ከአሠሪ የሚሰጥ የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫና የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የኢቃማ ቅጂ ለዚህ ይጠቅማሉ። ቪዛው ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት አይመከርም።

መመለሻውም እንደ መግቢያው ሁሉ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። የመኖሪያ ፈቃዱ በጉዞው መሐል የሚያልቅ ሠራተኛ ሳያሳድስ መውጣት የለበትም። በሳዑዲ ዓረቢያ የሚኖር ሠራተኛ የመውጫና የመመለሻ ቪዛውን ቀን ከጉዞው ርዝመት ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ቢሆን ይመረጣል።

በብዙ ተጓዦች ዘንድ የሚዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ። የሆንግ ኮንግ ቪዛ ለዋናው የቻይና ምድርም ሆነ ለማካው አያገለግልም፤ የቻይና ቪዛም ወደ ሆንግ ኮንግ አያስገባም። ሼንዘን በባቡር፣ ማካው በጀልባ ወይም በ2018 በተከፈተው 55 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ድልድይ በኩል ቅርብ በመሆናቸው አንድ ቀን ደርሶ መመለስ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ወሰኑን መሻገር ከሆንግ ኮንግ እንደ መውጣት ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ከወጣ በኋላ በዚያው ቪዛ ተመልሶ መግባት አይችልም። ሻንጣው በሆቴል፣ የመመለሻ በረራው ከሆንግ ኮንግ ሆኖ እርሱ ከወሰኑ ማዶ ሊቀር ይችላል። እነዚህን ከተሞች ለመጨመር የሚያስብ ጎብኚ የየአንዳንዳቸውን የመግቢያ ደንብ አጣርቶ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ ቪዛ መጠየቅ አለበት።

ሆንግ ኮንግ ከ2013 ጀምሮ በፓስፖርት ላይ ማኅተም አትመታም። በምትኩ የተፈቀደው የቆይታ ጊዜ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ እስከ መውጫ ቀን ድረስ በፓስፖርቱ ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል።

የጉዞ ወቅት

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት የአውሮፓውያን ወራት ለጉብኝት እጅግ ተስማሚ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ወበቁ የቀነሰ፣ አየሩም ለእግር ጉዞ የሚመች ይሆናል። ጥርና የካቲት ቀዝቀዝ ይላሉ፤ የቀን ሙቀቱ በአማካይ 16 ወይም 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ለባሕረ ሰላጤው ሙቀት የለመደ ሰው በእነዚህ ወራት ሹራብ ያስፈልገዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ጭጋግ ስለሚበዛ ከተራራ ላይ የሚታየው የከተማ ገጽ ለቀናት ሊሸፈን ይችላል።

በዓመት ከሚዘንበው 2,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። በዚሁ ጊዜ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ወበቁም ይከብዳል። ታይፉን የሚባሉት አውሎ ነፋሶችም በዚህ ወቅት ይመጣሉ። የከተማዋ የአየር ትንበያ ተቋም ሕዝቡን የሚያስጠነቅቀው በቁጥር ነው፦ 1፣ 3፣ 8፣ 9 እና 10። ምልክት 1 እና 3 ጥንቃቄን ያሳስባሉ። ምልክት 8 ሲወጣ መሥሪያ ቤቶችና አብዛኞቹ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ጀልባዎች፣ ትራሞችና አውቶቡሶች ሥራ ያቆማሉ፣ በረራዎችም ይዘገያሉ ወይም ይሰረዛሉ። በዚህ ጊዜ ጎብኚው ከማረፊያው መውጣት አይገባውም። በበጋው ወራት የሚጓዝ ሰው በመርሐ ግብሩ ላይ አንድ ትርፍ ቀን ቢጨምር ወደ ሥራው ለመመለስ ከተቆረጠለት ቀን ጋር አይጋጭም።

ከአየር ጠባይ ሌላ በዓላትም የዋጋ ልዩነት ያመጣሉ። በጥር መጨረሻና በየካቲት መካከል የሚውለው የቻይናውያን አዲስ ዓመት ደማቅ ቢሆንም የሆቴል ዋጋ ይንራል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ብዙ ትናንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ከጥቅምት 1 ጀምሮ ባለው የቻይና ብሔራዊ በዓል ሳምንት ከዋናው ምድር የሚመጣው ጎብኚ ብዛት ከተማዋን ያጨናንቃታል።

ገንዘብና ዋጋ

የሆንግ ኮንግ ዶላር ከ1983 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ7.75 እስከ 7.85 የሆንግ ኮንግ ዶላር ይመነዘራል። የኤምሬትስ ድርሃምና የሳዑዲ ሪያልም እንዲሁ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተቆራኙ በመሆናቸው ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ድርሃም ወይም አንድ ሪያል ከሁለት የሆንግ ኮንግ ዶላር ጥቂት ይበልጣል። ዋጋን ለሁለት የሚያካፍል ጎብኚ ከእውነተኛው ብዙ አይርቅም።

የወረቀት ገንዘቡን በአብዛኛው የሚያወጡት ሦስት የንግድ ባንኮች ናቸው። በዚህ ምክንያት ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው ኖቶች የተለያየ ሥዕል ይኖራቸዋል፤ ሁሉም ሕጋዊ ናቸው። በከተማዋ የሽያጭ ታክስ ስለሌለ በሱቅ ዕቃ ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ነው። በምግብ ቤት ሒሳብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል፤ በሆቴል ክፍል ላይ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 3 በመቶ ታክስ ይከፈላል። 120,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር የሚበልጥ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚገባ ሰው ለጉምሩክ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ በተለይ ለንግድ የሚሄዱትን ይመለከታል።

ማረፊያን በተመለከተ ቺም ሻ ቹይና ሞንግ ኮክ የተባሉት የካውሉን ሰፈሮች ለወደቡና ለገበያ ቅርብ ናቸው። በደሴቷ በኩል ሾንግ ዋንና ኮዝዌይ ቤይ ለትራም መስመር ይመቻሉ። ክፍሎቹ በሁሉም ቦታ ጠባብ ናቸው። በአሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ የሚገኙ ርካሽ የእንግዳ ማረፊያዎች የመንግሥት ፈቃድ ሊኖራቸው ስለሚገባ፣ ከመክፈል በፊት ፈቃዱ በግልጽ መለጠፉን ማየት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መሰኪያው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር፣ ኃይሉም 220 ቮልት ነው። ከኤምሬትስ፣ ከኳታር ወይም ከኦማን የሚመጣ ተጓዥ የለመደውን የስልክ ቻርጀር ያለ ማስማሚያ ይጠቀማል።

ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ከተማና በከተማ ውስጥ

የአውሮፕላን ጣቢያው በ1998 ከላንታው ደሴት አጠገብ ተከፈተ። ፈጣኑ የጣቢያው ባቡር ወደ ደሴቷ ማዕከል 24 ደቂቃ ይወስዳል፤ ዋጋው ከ100 የሆንግ ኮንግ ዶላር ይበልጣል። ኤ 21 የተባለው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ በካውሉን ዋና ጎዳና በናታን መንገድ በኩል ያልፋል፤ ኤ 11 ደግሞ ወደ ደሴቷ ይሄዳል። እነዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ቢወስዱም የኤ 21 ዋጋ ከ40 ዶላር በታች ነው፤ ከላይኛው ፎቅ የሚታዩት ድልድዮችና የወደብ ክሬኖችም የመጀመሪያው ጉብኝት ናቸው።

በ1997 ሥራ የጀመረው «ኦክቶፐስ» የተባለ ካርድ በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ በትራም፣ በጀልባ፣ በሱቅና በብዙ ምግብ ቤቶች ይሠራል። ካርዱን በጣቢያው ገዝቶ ገንዘብ መሙላት የዝርዝር ሳንቲም ፍለጋን ያስቀራል፤ አውቶቡሶች መልስ አይሰጡምና። ኤም ቲ አር የተባለው የከተማ ባቡር ንጹሕና ፈጣን ነው። የመንገድና የጣቢያ ስሞች በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ።

የጊዜ ልዩነቱ ከኤምሬትስና ከኦማን በአራት፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከኳታር፣ ከኩዌትና ከኢትዮጵያ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። የጀልባና የመግቢያ ትኬቶች በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፉ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስብ ሰው የስድስት ሰዓቱን ልዩነት በእያንዳንዱ ትኬት ላይ ቢያረጋግጥ መልካም ነው።

የመጀመሪያው ቀን፦ የወደቡ ሁለት ዳርቻዎች

ጉብኝቱን ከውኃው መጀመር የከተማዋን አቀማመጥ ወዲያው ያስረዳል። በቺም ሻ ቹይ ዳርቻ በ1915 የተሠራ 44 ሜትር ከፍታ ያለው የሰዓት ማማ ቆሟል። ማማው ወደ ካንቶን ይሄድ ከነበረው የባቡር መስመር ጣቢያ የቀረ ክፍል ነው፤ ጣቢያው በ1978 ፈርሷል። ከማማው ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው የእግረኛ መንገድ የሆንግ ኮንግ ፊልም ከዋክብት መታሰቢያና የብሩስ ሊ ሐውልት ይገኙበታል።

ከማማው አጠገብ ስታር ፌሪ የተባሉት አረንጓዴና ነጭ ጀልባዎች ይነሳሉ። የአገልግሎቱ መነሻ ዶራብጂ ናኦሮጂ የተባለ ፓርሲ ነጋዴ በ1888 ያቋቋመው ድርጅት ሲሆን፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1898 ነው። ጉዞው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ዋጋውም ከ10 የሆንግ ኮንግ ዶላር በታች ነው። በዚህ አጭር መሻገሪያ ከኋላ ካውሉን፣ ከፊት የደሴቷ ሕንፃዎችና ተራራው በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ጀልባው በነዋሪው ሕይወት ውስጥ ያለውን ስፍራ ለመረዳት የ1966ን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል፦ በዋጋው ላይ የአምስት ሳንቲም ጭማሪ ሲጠየቅ አንድ ወጣት በጀልባው ጣቢያ የረሃብ አድማ አደረገ፤ ጉዳዩም ወደ ከተማ አቀፍ ሁከት አመራ።

ሲመሽ ወደ ካውሉን ዳርቻ መመለስ ይገባል። ከ2004 ጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በወደቡ ዙሪያ ያሉ ሕንፃዎች የብርሃንና የሙዚቃ ትርኢት ሲያሳዩ ቆይተዋል። ትርኢቱን ከዳርቻው ቆሞ ለመመልከት ምንም አይከፈልም።

ሁለተኛው ቀን፦ ደሴቷና ተራራዋ

በደሴቷ ሰሜናዊ ክፍል ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ትራም ከ1904 ጀምሮ ያገለግላል። ነዋሪዎች ከደወሉ ድምፅ ተነስተው «ዲንግ ዲንግ» ይሉታል። ርቀቱ ምንም ይሁን ምን ዋጋው አንድ ነው፤ 3 የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ። በኋላ በር ይገባል፣ በፊት በር ሲወርዱ ይከፈላል። ከላይኛው ፎቅ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የደረቀ ዓሣ ከሚሸጥበት የሾንግ ዋን ገበያ እስከ ባንኮቹ ማዕከል ያለውን የከተማ ሕይወት መመልከት ይቻላል።

በሴንትራል በ1993 የተሠራው 800 ሜትር ያህል የሚረዝም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ ተራራው ወገብ ያወጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ወደ ሥራ የሚሄዱትን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ሽቅብ ይሠራል። በአቅራቢያው በ1847 የተሠራው የማን ሞ ቤተ መቅደስ አለ፤ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ የዕጣን ጥቅልሎች ለሰዓታት ይጤሳሉ።

ቪክቶሪያ ፒክ 552 ሜትር ከፍታ አለው። በገመድ የሚጎተተው ባቡር ከ1888 ጀምሮ ወደዚያ ያወጣል፤ ሆኖም ሰልፉ ረጅም፣ ዋጋውም ከተራ አውቶቡስ በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው። ቁጥር 15 አውቶቡስ በጥቂት ገንዘብ እዚያው ያደርሳል። ክፍያ የሚጠይቀውን የሕንፃ ሰገነት ትቶ ሉጋርድ በተባለው ዙሪያ መንገድ በእግር የሚሄድ ጎብኚ የወደቡን ሙሉ ገጽታ በነጻ ያያል። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት አስቀድሞ መድረስ የቀኑንም የሌሊቱንም ገጽታ ለማየት ያስችላል።

ቀኑ እሑድ ከሆነ በሴንትራል የተለየ ነገር ይታያል። በሆንግ ኮንግ ከ300,000 በላይ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ሴቶች ናቸው። በሳምንታዊ የዕረፍት ቀናቸው የእግረኛ ድልድዮችንና አደባባዮችን ሞልተው ካርቶን አንጥፈው ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ወደ አገራቸው የሚልኩትን ዕቃ ያሽጋሉ። በተመሳሳይ ሙያ ተሰማርተው በባሕረ ሰላጤው ለሚኖሩ አንባቢዎች ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ቀን፦ ላንታው ደሴት

ላንታው በስፋቷ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቋ ናት። ከቶንግ ቾንግ የባቡር ጣቢያ የሚነሳው የገመድ ላይ መጓጓዣ 5.7 ኪሎ ሜትር በባሕርና በተራራ ላይ አልፎ በ25 ደቂቃ ንጎንግ ፒንግ ያደርሳል። ለጥገና የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል፤ ቁጥር 23 አውቶቡስም አማራጭ ነው። በ1993 የተመረቀው 34 ሜትር ከፍታ ያለው የነሐስ ቡድሃ ሐውልት በዚያ ይገኛል፤ ወደ እግሩ ለመድረስ 268 ደረጃ ይወጣል። ሐውልቱን ለማየት ክፍያ የለም።

ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ታይ ኦ መውረድ ቀኑን ያሟላል። በዚህ የዓሣ አጥማጆች መንደር ቤቶቹ በውኃ ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች ቆመዋል። ሰዎች እየኖሩባቸው ያሉ ቤቶች በመሆናቸው በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው።

አራተኛው ቀን፦ ትናንሽ ደሴቶች ወይም የካውሉን ቤተ መቅደሶች

የባሕር አየር የሚመርጥ ጎብኚ ከሴንትራል የጀልባ ጣቢያዎች ወደ ቾንግ ቻው ወይም ወደ ላማ ይሻገራል። በሁለቱም ደሴቶች ተራ መኪና ስለማይሄድ ጠባብ መንገዶቻቸው ለእግር ጉዞ ይመቻሉ። በከተማው መቆየት የሚፈልግ ደግሞ በካውሉን የቺ ሊን ገዳምን ይጎበኛል። ገዳሙ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ስልት፣ ያለ ብረት ሚስማር በተጋጠመ እንጨት የታነጸ ሲሆን፣ ከፊቱ ያለው የናን ሊያን መናፈሻና ገዳሙ መግቢያ አያስከፍሉም። ምሽቱን በሞንግ ኮክና በቴምፕል ጎዳና ገበያዎች ማሳለፍ ይቻላል፤ በእነዚህ ገበያዎች በዋጋ መከራከር የተለመደ ነው።

ምግብና የአምልኮ ስፍራ

የካንቶን ምግብ በአሣማ ሥጋና በባሕር እንስሳት የበለጸገ በመሆኑ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን የአማርኛ ተናጋሪ ጎብኚ ከማዘዙ በፊት መጠየቅ ያስፈልገዋል። የአሣማ ስብ በአትክልትና በኑድል ምግብም ውስጥ ሊገባ ይችላል። በዋን ቻይ የአማር መስጊድና እስላማዊ ማዕከል ያለው ምግብ ቤት ዲም ሰም የተባሉትን በእንፋሎት የበሰሉ ትናንሽ ምግቦች በሐላል ያቀርባል። የካውሉን መስጊድ በናታን መንገድ ላይ ይገኛል፤ አሁን ያለው ሕንፃ የ1984 ነው። በዚያው ጎዳና በ1961 የተሠራው ቾንግኪንግ ማንሽንስ የተባለ ባለ 17 ፎቅ ሕንፃ የሕንድ፣ የፓኪስታንና የአፍሪካ ነጋዴዎች መገናኛ ነው፤ የገንዘብ ምንዛሪና ርካሽ የሐላል ምግብ በውስጡ ይገኛል።

በጾም ወራት ለሚጓዝ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን የቡድሂስት ገዳማት ምግብ ቤቶች ምቹ ናቸው። በንጎንግ ፒንግ የፖ ሊን ገዳምና በናን ሊያን መናፈሻ የሚቀርበው ምግብ ሥጋና ዓሣ የሌለበት ነው፤ እንቁላልና ወተት አለመኖሩን ግን መጠየቅ አይከፋም።

ሕግና ሥነ ምግባር

በባቡር ውስጥና ከትኬት መቁረጫው ባሻገር መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። ቆሻሻ በመንገድ ላይ የሚጥል ሰው 3,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር ይቀጣል። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ ከተማዋ ማስገባት ከ2022 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ለግል መጠቀሚያ የሚይዘው መንገደኛም ቢሆን ከሕጉ ነጻ አይደለም። ከቀረጥ ነጻ የሚገባው ሲጋራ 19 ፍሬ ብቻ ነው። በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው ቀኙን ይይዛል። «ም ጎይ» የሚለው የካንቶንኛ ቃል ለ«እባክዎ»ም ለ«አመሰግናለሁ»ም ያገለግላል፤ በሱቅና በአውቶቡስ ይህን ቃል መናገር ፈገግታ ያስገኛል። ለፖሊስ፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ አንድ የጋራ ቁጥር አለ፤ እርሱም 999 ነው።

የዝግጅቱ ቅደም ተከተል

ተጓዡ በመጀመሪያ የፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን የማብቂያ ቀን ይመለከታል፤ ቀጥሎ ከአሠሪው ጋር የፈቃድ ጊዜውን በጽሑፍ ይስማማል፣ ቀኑንም በተቻለ መጠን በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ያደርጋል። ከዚያ ሊሰረዝ የሚችል ማረፊያ ይዞ የቪዛ ማመልከቻውን ያስገባል። ቪዛው በእጁ ሲገባ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባና እስከ መቼ እንደሚያገለግል አንብቦ ትኬቱን ይገዛል። በመጨረሻም የሰነዶቹን ሁሉ ቅጂ በስልኩ ይይዛል፣ አንድ ቅጂም በሚኖርበት አገር ለሚያምነው ሰው ይተዋል። የመመለሻው በረራ ወደ ሥራ ከሚገባበት ዕለት ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ቢደርስ፣ የዘገየ አውሮፕላንም ሆነ ያልተጠበቀ አውሎ ነፋስ እንጀራውን አደጋ ላይ አይጥልበትም።